ሀረና ደን በእግር ለሚገቡ፦ ስለ ጭቃው፣ ስለ ወንዙና ስለ መምሸቱ

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው ኮረኮንች መንገድ የሳነቲን አምባ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አቋርጦ ድንገት ገደል አፋፍ ላይ ያደርሳል። ከአፋፉ በታች ዓይን እስኪደክም ደን ነው። ላይኛው ጫፍ አስታና ኮሶ፣ ዝቅ ሲል ቀርከሃ፣ ከዚያ ዝግባና ዋንዛ፣ ከሁሉም በታች 1500 ሜትር አካባቢ ቡና ማንም ሳይተክለው የሚበቅልበት ጥላ። ሀረና ይኸው ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደቡባዊ ግማሽ ማለት ይቻላል።

ሀረና ሲነሳ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ አንበሳው ነው። አንበሳ አለ፤ ሌሊት ድምፁ ሊሰማ ይችላል። መንገደኛን የሚያሰናክለው ግን በአብዛኛው አንበሳ ሳይሆን ጭቃ፣ የሞላ ወንዝ፣ እርጥብ ልብስና ያልታሰበ መምሸት ነው። አራቱም ከአንድ ነገር ጋር የተያያዙ ናቸው፤ እናንተ ጋ ሳይሆን ከእናንተ በላይ ሳነቲ ላይ ከሚዘንበው ዝናብ ጋር። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በሁለት ጥያቄ ዙሪያ ይዞራል፦ ላይ ዘንቧል ወይ? ስንት ሰዓት ነው?

1. ወራቱን ምረጡ

ለእግር ጉዞ የሚሻለው ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ከዚያም ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ ዝናብ የሚበዛበት ስለሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገባ ሰው አልመክርም። በበጋም ቢሆን «አይዘንብም» ብላችሁ አትሂዱ። ደቡባዊው ተዳፋት ከህንድ ውቅያኖስ የሚመጣውን ርጥብ አየር ስለሚቀበል አዲስ አበባ አቧራ በሚነሳበት በጥር ወር እዚያ ጉምና ካፊያ ይኖራል።

በጋውም የራሱ ጣጣ አለው፤ እሳት። አስታ እርጥብ ሲመስል እንኳ ዘይት እንደነካው ጨርቅ ይነዳል። በደረቅ ወራት ለግጦሽ ተብሎ የሚለኮስ እሳት ከእጅ አምልጦ ያውቃል፤ በ1992 እና በ2000 ዓ.ም. የደረሱት ቃጠሎዎች ብዙ አስታና ደን በልተዋል። ጭስ ካያችሁ ወደ ላይ አትሽሹ፤ እሳት ዳገት ሲያገኝ ይፈጥናል። ወደ መኪናው መንገድ፣ ወደ ርጥብ ሸለቆ ወይም ቀድሞ ወደተቃጠለ ባዶ መሬት ውጡ።

2. ዲንሾ ላይ ፈቃድና ሰው ያዙ

የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ዲንሾ ላይ ነው። መግቢያ የሚከፈለው፣ አስጎብኚም ሆነ የጭነት ፈረስ ከነሳቢው የሚገኘው እዚያ ነው። ለሀረና ስትሉ ግን አንድ ነገር ለይታችሁ ጠይቁ፦ የሚመጣው አስጎብኚ ደኑን ያውቃል ወይስ ሳነቲንና የጋይሳይን የሣር ሜዳ ብቻ? ሜዳ ላይ ቀይ ቀበሮ በማሳየት የታወቀ ሰው ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ እንደ እናንተው እንግዳ ሊሆን ይችላል። መልሱ ካላረካችሁ ከሪራ መንደር አንድ የአገሩን ሰው ጨምሩ። ወጪው ይበዛል፤ እኔ ግን ከማንኛውም ውድ ጫማ በፊት የምከፍለው ለዚህ ነው።

የአካባቢውን ጸጥታም እዚያው ጠይቁ። ባለፈው ወር የሄደ ሰው የነገራችሁ ለዛሬ አይሠራም። መቼ እንደምትመለሱ ቀኑንና ሰዓቱን ለጽሕፈት ቤቱ፣ እንዲሁም ቤት ላለ አንድ ሰው ጽፋችሁ ስጡ። ደኑ ውስጥ በአብዛኛው ኔትወርክ የለም፤ ሄሊኮፕተር ይመጣል ብሎ ማሰብም ዘበት ነው። ከባድ ሕመምተኛ የሚወሰደው በመኪና፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ አምባውን አቋርጦ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ነው። ዕቅዳችሁን ስታወጡ ይህን ርቀት በልባችሁ ያዙ።

3. ዕቃ

ዝርዝሩን አላበዛውም። ውኃ የማያስገባ ካፖርት፣ ሁለት ጥንድ ትርፍ የሱፍ ካልሲ፣ በላስቲክ የተጠቀለለና የማይነካ አንድ ሙሉ የሌሊት ልብስ። እንደገና ልበለው፤ የማይነካ። ቀን ምንም ያህል ብትረጥቡ ያ ልብስ የሚወጣው ድንኳን ውስጥ ብቻ ነው። ጫማ በደረቅ ወር ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ በዝናብ ወር ግን የአገሬው ሰው የሚያደርገው የላስቲክ ቦቲ ይሻላል። ፊሽካ፣ የግንባር ባትሪ፣ ላይተር፣ ስልክ ላይ ቀድሞ የወረደ ካርታ፣ ፋሻ፣ ቁመቱ ደረታችሁ የሚደርስ ጠንካራ ዱላ። ዱላውን ደን ውስጥ አትቁረጡ፤ ከመንደር ይገኛል።

4. ከፍታውን አትናቁት

ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተነድቶ ሳነቲ ላይ ማደር ራስ ምታትና ማስታወክ መጥራት ነው። 4377 ሜትር የሆነው ቱሉ ዲምቱ ከመንገዱ አጠገብ ስለሆነ «አንዴ ወጥተን እንውረድ» ማለት ይቀናል። መጀመሪያ ዲንሾ ወይም ጎባ አንድ ሌሊት እደሩ። አምባው ላይ በበጋ ሌሊት ብርዱ ከዜሮ በታች በብዙ ዲግሪ ይወርዳል። ከፍታው የያዘው ሰው ሚዛኑን መሳት ወይም ቁጭ ብሎም መተንፈስ ማቃት ከጀመረ ንጋትን አትጠብቁ፤ መኪናችሁን ወደ ሪራ አውርዱ። ቁልቁለቱ በአጭር ጊዜ 1000 ሜትር ያህል ስለሚጥላችሁ ራሱ መድኃኒት ነው።

5. ጠዋት ሪራ ላይ ሻይ ጠጡና ጠይቁ

ይህን እንደ እረፍት ሳይሆን እንደ ሥራ ቁጠሩት። ሪራ ቁልቁለቱ ላይ ያለች ትንሽ መንደር ናት፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ 2400 ሜትር አካባቢ ቃጫ የሚባለው የድንኳን ቦታ አለ። ትናንት ከላይ የመጣ ከብት ጠባቂ፣ ከታች የመጣ ቡና ነጋዴ ሻይ ቤቱ ውስጥ ይገኛል። አስጎብኚያችሁ በአፋን ኦሮሞ ይጠይቅ፤ እናንተም ሁለት ሦስት ቃል ያዙ። «ለግኒ ጉቴራ?» ወንዙ ሞልቷል ወይ ማለት ነው። «ካራን ኩን ኤሳ ገኣ?» ይህ መንገድ የት ያደርሳል። «ካራን ና ጀላ በዴ»፣ መንገድ ጠፋኝ፤ ለመጨረሻው ጉዳይ።

ሽማግሌ ካሉ ቀድማችሁ ሰላምታ ስጡና ከእሳቸው ጀምሩ። «መንገዱ ጥሩ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ እንግዳ እንዳይከፋው «ጥሩ ነው» ይባላል። «ትናንት ማን ሄደበት? ፈረስ አለፈ? ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ፈጀበት?» በሉ። ፈረስ ያላለፈበት መንገድ ዛፍ ወድቆበታል ወይም ጭቃው ጉልበት ይደርሳል ማለት ነው። የነገሩአችሁን ሰዓት ደግሞ በእጥፍ አስቡት፤ የሪራ ሰው እርምጃ የእናንተ እርምጃ አይደለም።

6. ከመኪናው መንገድ ከመውጣታችሁ በፊት አቅጣጫ ያዙ

መንገዱ ደኑን ከሰሜን ወደ ደቡብ ሰንጥቆ ያልፋል። ወደ ደሎ መና ፊታችሁን አዙራችሁ በቀኝ ከገባችሁ ከመንገዱ ምዕራብ ናችሁ፤ ስትጠፉ የምትፈልጉት ምሥራቅን ነው። በግራ ከገባችሁ ተቃራኒው። ይህን በወረቀት ጻፉት፤ የፈራ ሰው ቀኝና ግራውን ይረሳል።

ከዚያ የመመለሻ ሰዓት ቁረጡ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ከተነሳችሁ የትም ብትደርሱ ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ፊታችሁን አዙሩ። ፏፏቴው «እዚህች ጋ ነው» ቢባልም አዙሩ። ዝናቡ በአብዛኛው ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ ውጭ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደኑ ውስጥ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ይደነግዛል።

7. የመንገዱን ዓይነት ለዩ

ሀረና ውስጥ ምልክት የተቀባበት መንገድ አትጠብቁ። የሚታየው ሁሉ ሰውና ከብት የረገጠው ነው፤ ዓላማውም የእናንተ ዓላማ አይደለም። የከብት መንገድ ሰፊ ሆኖ ይጀምርና ሣር ያለበት ገላጣ ቦታ ላይ ተበትኖ ያልቃል። ወደ ቀፎ የሚወስደው ቀጭን መንገድ አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ይቆማል፤ ቀና ብትሉ ቀፎው ተሰቅሏል። የቡና ለቃሚ መንገድ በታችኛው ደን እንደ ሸረሪት ድር ይጠላለፋል። መንደርን ከመንደር የሚያገናኘው መንገድ የሚታወቀው በፈረስ ፋንድያና በመካከሉ በተበላ ጎድጓዳ ነው፤ እሱን ያዙ። መንታ ላይ በደረሳችሁ ቁጥር ዞር ብላችሁ የመጣችሁበትን ፎቶ አንሱ፤ ስትመለሱ የምታዩት ያንን ገጽ ነው።

ቀዩ ጭቃ ሲረጥብ ሳሙና ነው። ዳር ዳሩን መሄድ ያጓጓል፤ ነገር ግን ዳሩ በቅጠል የተሸፈነ ሥርና ጉድጓድ ስላለው ቁርጭምጭሚት የሚዞረው እዚያ ነው። በዱላ ለኩና ታቹ ጠንካራ ከሆነ መካከሉን ርገጡ። የተንጋለለ ግንድ ላይ አትቁሙ፤ ተሻገሩት። ሽበት (ዛፍ ላይ እንደ ፀጉር የሚበቅለው ተክል) ያለው ግንድ ልጡ ተላጦ ይዟችሁ ይወርዳል።

ቀርከሃው ውስጥ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የባሌ ጦጣ የሚኖረው እዚያ ስለሆነ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ይሄዳል። ከታች ግን ለቤትና ለአጥር የተቆረጠ ቀርከሃ ጉቶ አለ፤ በሰያፍ ስለሚቆረጥ ጫፉ እንደ ጦር ነው። ላስቲክ ቦቲ ይበሳል፤ የወደቀ ሰውንም ይወጋል። ጦጣውን ማየት ስትፈልጉ ቁሙ፣ ስትሄዱ መሬት እዩ።

8. ወንዝ

በጣም ጊዜ ስጡት። ያዶትን፣ ወልመልንና ሌሎቹን የሚሞላቸው ከአምባው የሚወርድ ውኃ ነው። እናንተ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ወንዙ ሊያድግ የሚችለው ለዚህ ነው። ጠዋት በቁርጭምጭሚት የተሻገራችሁት ጅረት ከሰዓት በኋላ ወገብ ሊደርስ ይችላል። መመለሻችሁ ወንዝ የሚያቋርጥ ከሆነ የ5 ሰዓት ተኩሉን ገደብ ወደ 4 ሰዓት ተኩል አውርዱት።

ዳር ላይ ስትደርሱ አንድ ድንጋይ ምረጡና ውኃው የት ላይ እንደሚደርስበት እዩ። ትንሽ ቆይታችሁ እንደገና እዩት። ከፍ ካለ፣ ውኃው ከደፈረሰ፣ ጭራሮና ቅጠል ካመጣ፣ ከሥሩ የድንጋይ መንከባለል ከተሰማ አትግቡ። በጣም የሚፈስ ውኃ ከጉልበት በላይ ከሆነም አትግቡ። ሌላ መሻገሪያ ፈልጉ ወይም ተቀምጣችሁ ጠብቁ፤ የተራራ ወንዝ ቶሎ እንደሚሞላ ሁሉ ዝናቡ ሲያባራ ቶሎ ይጎድላል። ማዶ እሳት እየጨሰ፣ ድንኳናችሁ እየታየ መጠበቅ ከባድ ነው። ቢሆንም ጠብቁ።

መሻገር ሲቻል የምትመርጡት ሰፊውን ቦታ ነው፤ ጠባብ ማለት ጥልቅ ማለት ነው። ከፏፏቴ በላይ በፍጹም አትሻገሩ። የቦርሳውን የወገብ ማሰሪያ ፍቱ፤ ከወደቃችሁ ተጥሎ ይሂድ። ጫማ አታውልቁ። ፊታችሁን ውኃው ወደሚመጣበት አዙራችሁ ዱላውን ከፊት ተክላችሁ በጎን ተንቀሳቀሱ፤ ሁለት እግር ወይም አንድ እግርና ዱላ ሁልጊዜ መሬት ይያዝ። ሦስት ሰዎች ከሆናችሁ ትከሻ ለትከሻ ተያይዛችሁ እለፉ፤ ከባዱ ሰው ከላይ በኩል ይሁን።

9. የሚነድፉና የሚናከሱ

ገብረ ጉንዳን በሰልፍ መንገድ ያቋርጣል። ለማረፍ ከመቆማችሁ በፊት መሬቱን እዩ፤ ከወረረ ቆማችሁ አታራግፉ፣ መጀመሪያ ከሰልፉ ራቁ፣ ከዚያ ልቀሙ። ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ። ሳማ ከነካችሁ አትሹት፤ በውኃ አለቅልቁት።

ቀፎ ያለበት ዛፍ ሥር አትቀመጡ፣ አታጭሱ፣ ድምፅ አታብዙ። ንብ ከተነሳ ፊታችሁን ሸፍናችሁ ሩጡ እንጂ በእጅ አትከላከሉ። ቀፎው ባለቤት አለው፤ ማሩን መንካት ስርቆት ነው።

እባብ ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2016 ለሳይንስ አዲስ ሆኖ የተመዘገበ አንድ እፉኝት ስሙን ያገኘው ከዚህ ደን ነው። ጫማ ከማጥለቃችሁ በፊት አራግፉ፤ እጃችሁን ግንድ ሥር አትስደዱ። የተነደፈን ሰው አትቁረጡ፣ አትምጠጡ፣ አጥብቃችሁ አትሰሩ። ቀለበትና ሰዓቱን አውልቁ፣ የተነደፈውን እጅ ወይም እግር በእንጨት ደግፋችሁ እንዳይንቀሳቀስ አድርጉ፣ በፈረስ ወይም በቃሬዛ ወደ መኪና አድርሱ።

ከእባቡ ይልቅ እኔ የምፈራው የእረኛ ውሻ ነው። ባሌ ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ ለቀይ ቀበሮዎች እልቂት ምክንያት የሆነ የቆየ ችግር ነው። ውሻ ሲመጣ አትሩጡ፤ ቁሙ፣ ዱላ ከፊት አድርጉ፣ ባለቤቱን ጥሩ። ከነከሰ፣ ቢቧጭር እንኳ፣ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ እጠቡትና ጉዞውን አቋርጣችሁ ለክትባት ውጡ። «ነገ እናየዋለን» የሚባልበት ጉዳይ አይደለም።

አንበሳውስ? ሌሊት አትሂዱ፤ ቀን ተሰብስባችሁ እያወራችሁ ሂዱ። ካጋጠመ አትሩጡ፣ ጀርባ ሳትሰጡ በዝግታ ወደ ኋላ ራቁ። ምግብና የሥጋ ትርፍራፊ ድንኳን ውስጥ አታሳድሩ፤ ጅብም አለ፣ የዱር አሳማም አለ።

10. ማደሪያ

ድንኳን ከመትከላችሁ በፊት ቀና በሉ። ያረጀ ኮሶ ደረቅ ቅርንጫፍ ይጥላል፤ ከዝናብ በኋላ የሚከብደው ሽበት ደግሞ ያባብሰዋል። ከጅረት ራቅና ከፍ በሉ። እሳት የሚነደው በተፈቀደው ቦታ ብቻ ነው። የምትጠጡትን ውኃ ከ2000 ሜትር በላይ ስትሆኑ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይፍላ። ከቆመ ውኃ አትጠጡ፤ አልቅት አለ።

ከእናንተ አንዱ እየተንቀጠቀጠ ዝም ካለ፣ ቃል ከተኮላተፈበት፣ ከተደናቀፈ፣ ብርድ ገብቶታል። እርጥቡን አውልቁና ያን የማይነካ የሌሊት ልብስ አልብሱት፤ ከመሬት የሚለየው ነገር አንጥፉለት፤ በደንብ መዋጥ ከቻለ ስኳር የበዛበት ትኩስ ሻይ ስጡት። አረቄ አትስጡ። አረቄ የሚያሞቅ ይመስላል እንጂ ሙቀቱን ከሰውነት ያስወጣዋል።

11. መንገድ ከጠፋ

ቁሙ። ቁጭ በሉ፣ ውኃ ጠጡ፣ የመጨረሻውን መንታ ፎቶ እዩ። ያ ቦታ ቅርብ ከሆነ ብቻ ተመለሱ። «ጅረት ተከትሎ መውረድ» የሚለውን ምክር እዚህ አትከተሉ፤ የሀረና ጅረቶች ወደ ገደልና ወደማያሳልፍ ቀርከሃ ይወስዳሉ። ቀኑ ገና ከሆነ የጻፋችሁትን አቅጣጫ ይዛችሁ ወደ መኪናው መንገድ ሂዱ፤ ከ10 ሰዓት ካለፈ ግን ባላችሁበት እደሩ። ፊሽካ ሦስት ጊዜ፣ ትንሽ ዝምታ፣ እንደገና ሦስት ጊዜ። ሁላችሁም አንድ ላይ ሁኑ፤ «እኔ ሄጄ ሰው ልጥራ» የሚለውን ጎበዝ ያዙት።

12. ስትወጡ

የመመለሻ ቀናችሁን ጽፋችሁ ለሰጣችሁት ሰውና ለጽሕፈት ቤቱ መመለሳችሁን አሳውቁ፤ አለዚያ ባዶ ፍለጋ ይወጣል። ብብትና ጉልበት ሥር መዥገር ፈልጉ። ሪራ ላይ ሻይ ስትጠጡ ደግሞ የወደቀውን ዛፍ፣ የፈረሰውን መሻገሪያ፣ የወንዙን ልክ ንገሩ፤ ነገ ጠዋት ሌላ መንገደኛ መጥቶ የሚጠይቀው እዚያው ሻይ ቤት ነው።